ለምርመራ የመጣው እሸት

የድሬዳዋን የቀትር እንቅልፍ የማያውቅ ሰው ይህን ላያምነኝ ይችላል። የምሠራው ሰብል በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ነው። ያን ቀን በፋብሪካ ፍሳሽ ከሚለማ ማሳ ለምርመራ የሚሆን እሸት በቆሎ ቆርጬ ስመለስ ሙቀቱ አላስኬድ አለኝ፤ ከዚራ ሰፈር ወደተከራየሁበት ግቢ ጎራ አልኩ። ፌስታሉን በረንዳው ላይ አስቀምጬ የኒም ዛፉ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ጋደም አልኩ።

በህልሜ በቆሎው ሰማይ ጠቀስ ሆኖ፣ ንፋስ በነካው ቁጥር ቅጠሉ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ከሥሩ ልጆች ቆመው ሽቅብ ያዩታል። «አትብሉት! እርሳስ የሚሉት መርዛማ ብረት ሳይኖርበት አይቀርም፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ የልጅ አእምሮ ያደነዝዛል» ልላቸው አፌን ስከፍት፣ አንድ ጣፋጭ ሽታ መጥቶ ምላሴን ያዘው።

«ተነስ አቦ፣ ሳይቀዘቅዝ!»

አከራዬ አዴ ሐሊማ ናት። ገና በቅጡ ሳልነቃ ትኩስ ቅቅል በቆሎ አስጨበጠችኝ። ህልሙም ጣዕሙም ተቀላቀለብኝና ግማሹን ጋጥኩት። ባዶውን ፌስታል ንፋስ ግቢው ውስጥ ሲያንከባልለው ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

«አዴ! የኔን እሸት ነው የቀቀልሽው?»

«ታዲያስ! እሸት ይዞ የገባ ሰው ለቤቱ ነው የሚያመጣው። ለጎረቤትም አዳርሼልሃለሁ።»

ለምርመራ እንደመጣና ከየትኛው ማሳ እንደቆረጥኩት እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ግራ ተጋብታ አየችኝ።

«ከዚያ ማሳ ከሆነ ምን ያስደነግጥሃል አቦ?» አለችኝ። «ክረምቱን ሙሉ ስታጣጥመው የከረምከው በቆሎ ከየት የመጣ መሰለህ?»