«ሳ ቫ?» የሚጠይቀው ስለ ምን እንደሆነ የገባኝ ቀን

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት... በስደት በምኖርበት በኮዝሞ ሲቲ ያለችው ሱቄ ውስጥ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆሜያለሁ። ጎረቤቴ ኮንጎአዊው ፀጉር አስተካካይ ዣን እንደ ልማዱ ብቅ አለና «ሳ ቫ?» አለኝ። በፈረንሳይኛ እንዴት ነህ ማለት ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኩት።

ውሸቴን ነው። ሽንት ቤት ቁጭ ብዬ በባዶ ስነሳ አምስተኛ ቀኔ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆሜ፣ ምግቤ ዳቦና ኮካ... ሆዴ ድንጋይ ሆኗል። እናቴ ከሆሳዕና ደውላ ስትጠይቀኝ ግን «በጣም ደህና!»፣ ፓስተራችን ሲጠይቁኝ ደግሞ «ጌታ ይመስገን!» እላለሁ። እኛ እኮ እየሞትንም ደህና ነን።

ዣን ፊቴን አየት አደረገና በእንግሊዝኛ «ይሄ ሰላምታ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?» አለኝ።

«ከፈረንሳይ ነዋ!»

«ድሮ ሐኪሞች የሰውን ጤና የሚያውቁት በሰገራው ነበር ይባላል። ሳ ቫ ቃል በቃል ይሄዳል ወይ? ማለት ነው። ሽንት ቤቱን ማለታቸው ነው።»

ወይ ጉድ! ያ ሁሉ ሽቶ የሚቀባ ሕዝብ!

«እና ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ሽንት ቤቴ ነው ስትጠይቀኝ የኖርከው?»

«አንተም ሁለት ዓመት ሙሉ እግዚአብሔርን አመስግነሃል» አለና ወደ ፍርግርጉ ጠጋ አለ። «አሁን እንደ ድሮዎቹ ልጠይቅህ። ሳ ቫ?»

ደንበኛ አለመኖሩን ግራ ቀኝ አየሁ። «አይሄድም፣ ወንድሜ። አምስት ቀኔ ነው። ፈርቻለሁ» አልኩት።

አልሳቀብኝም። ፀጉሩ እስከ ግማሽ የተቆረጠ ደንበኛውን ፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ እንደተወው ሄደና ትልቅ ፓፓያ ይዞ መጣ። «ይሄን ጨርስ፣ ውሃ ጠጣ። ነገ ካልሆነ ክሊኒክ እወስድሃለሁ» አለኝ።

ረቡዕ ጠዋት... ዝርዝሩን ልተወው። ሱቄን እንኳ ሳልከፍት ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆሜ «ሳ ቫ!» ብዬ ጮህኩ። ተራ የሚጠብቁት ኮንጎአውያን በጨዋነት «ሳ ቫ፣ ሳ ቫ» ብለው መለሱልኝ። ዣን ብቻ መቀሱን አስቀምጦ አጨበጨበ።

የዚያኑ ቀን እማዬ ደወለች። «ደህና ነህ ልጄ?»

«ዛሬስ የእውነት ደህና ነኝ፣ እማዬ!»

«እስከ ዛሬስ?» አለችኝ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሁለት ሁለቴ ነው የምትጠይቀኝ... አንዴ ለሰላምታ፣ አንዴ ለእውነት።