ግልገል የተባለው አጋዘን

ለንደን በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ፓርክ ሮያል ከነበረው የሳንድዊች ፋብሪካ ወጥቼ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ሥራው ሣጥን ማመላለስ ነበር። ኮሌጁ ለብዙ ዘመን የሰበሰበው የእንስሳት አጥንትና ቆዳ ምድር ቤት ተከማችቶ ነበር፤ ግድግዳው እርጥበት ስለጀመረው ክምችቱ በሙሉ ወደ ሌላ ክፍል መዛወር ነበረበት። እኔ ሣጥኑን አወጣለሁ፣ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ የተቀደደውን መለያ ወረቀት በአዲስ እገለብጣለሁ፣ ከዚያ አዲሱ መደርደሪያ ላይ እደረድራለሁ። የቀጠረችኝ የክምችቱ ኃላፊ ጡረታዋ የተቃረበ እንግሊዛዊት ነበረች።

"አጥንት ትፈራለህ?" አለችኝ ለኢንተርቪው የሄድኩ ዕለት።

አልፈራም አልኳት። አዲስ አበባ ሳለሁ ለዐሥራ አንድ ዓመት የባዮሎጂ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። የሞተ እንስሳ ሲመጣ ገፍፌ፣ ቀቅዬ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቼ ለተማሪዎች መማሪያ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ዲግሪ የለኝም። ግን አንድን ከብት ወይም ድኩላ ጥርሱን አይቼ ዕድሜውን ስናገር መምህራኑም ይቀበሉኝ ነበር።

ከዚያን ጊዜ ተማሪዎች አንዱ በኋላ ለንደን መጣ። ስኮላርሺፕ አግኝቶ ነው፣ እኔ በምሠራበት ኮሌጅ ለዶክትሬት። ሂትሮው የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ቤት እስኪያገኝ ተብሎ ፊንስበሪ ፓርክ ያለችኝ አንድ ክፍል ውስጥ ገባ፤ ስምንት ወር ተቀመጠ። አልጋዬን ለቀቅኩለትና እኔ መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፍኩ። ይህን የማነሳው ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ በዚያ ጊዜ እንግዳ የመጣበት ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነበር። በዐሥራ ሦስት ዓመት ስለምበልጠው "ጋሼ" ይለኛል፣ "እርስዎ" እያለ ያወራኛል። ለሰው ሲያስተዋውቀኝ "አጥንት አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው" ይላል። እውነቱን ለመናገር ያ አነጋገሩ ደስ ይለኝ ነበር። በዚህ አገር ሣጥን ተሸካሚ ከመሆኔ በፊት ሌላ ሰው እንደነበርኩ የሚያውቅልኝ እሱ ብቻ ነበር።

ጥናቱ በእስያ አጋዘኖች ላይ ነበር። ስለዚህ ማታ ራት ስንበላ የምናወራው አያልቅብንም። እሱ ስለ መጽሐፉ፣ እኔ በዚያ ቀን ስላወጣሁት ሣጥን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ለብዙ ዓመታት ያልተከፈተ መሳቢያ ከፈትኩ። ውስጡ አንድ ተጓዥ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ተራሮች፣ ከደጋ ደን መንደሮች አዳኞች እጅ የሰበሰባቸው የራስ ቅሎች ነበሩ። አንዷ ከሁሉም ታንሳለች፤ ስንዝሬን አትሞላም። ወረቀቷ ላይ "ግልገል፣ ወንድ" ተብሎ ተጽፏል። ወረቀቱን ልገለብጥ ብዕሬን አንስቼ፣ እንደ ልማዴ መጀመሪያ ጥርሱን አየሁ።

ግልገል የወተት ጥርስ ነው ያለው። የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርስ ገና አይወጣለትም። የዚህ ግን ወጥቷል፤ መውጣት ብቻ አይደለም፣ እንደ አሮጌ ወፍጮ ተበልቶ አልቋል። የራስ ቅሉ መጋጠሚያዎችም ተደፍነዋል። ቀንዱ የሚቆምበት የአጥንት ጉቶ ጥፍሬን አያህልም። ከዚያው ተራራ የመጣውን የተለመደ አጋዘን ከጎን መሳቢያ አውጥቼ አስተያየሁት፤ እሱ ገና ሳያድግ እንኳ ከዚህ ይበልጣል። ይህ እንስሳ ግልገል አልነበረም። አርጅቶ የሞተ ሽማግሌ ነበር። ዝርያው ራሱ ትንሽ ነው ማለት ነው፤ ያን ዝርያ ደግሞ በመሳቢያዎቹ ሁሉ ስም ተሰጥቶት አላየሁትም።

ኃላፊዋ በዚያ ቀን ፈቃድ ላይ ነበረች። ስለዚህ የሰማው የመጀመሪያ ሰው አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ሆነ። ማታ ምስር ወጥ ቀርቦ ሳለ ነገርኩት። የጠቀለለውን እንጀራ ሳህኑ ላይ መልሶ አኖረው።

"እርግጠኛ ነዎት፣ ጋሼ? ጥርሱ አልቋል?"

"አልቋል። ነገ ለኃላፊዋ እነግራታለሁ።"

"አይንገሯት! እባክዎ። ዛሬ ከነገሯት ነገ ወዳጆቿ ይወስዱታል፤ እኛ በር ላይ እንቀራለን። መጀመሪያ እናረጋግጥ። ከዚያ አብረን መጽሔት ላይ እናወጣዋለን፣ ስምዎ ከስሜ ጎን ይሆናል።"

እሺ አልኩ። ለቀጠረችኝ፣ ቁልፍ ለሰጠችኝ ሴት ሳልናገር ቀረሁ። ያን ምሽት ይህ ክፉ ሥራ ሆኖ አልታየኝም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የሥራ ቀኔ ሳይሆን፣ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። "ግልገል" ተብለው ከተጻፉት ውስጥ ሦስት ሌሎች ሽማግሎች አገኘሁ። አራቱንም በካሊፐር ለክቼ፣ ጥርሳቸውን በእርሳስ ሥዬ፣ ሁሉንም በአንድ ሰማያዊ ደብተር ጻፍኩና ሰጠሁት። እሱ በተማሪነቱ ኃላፊዋን አስፈቅዶ ከብዙ አጋዘኖች አጥንት ጥቂት ጥቂት ዱቄት ፍቆ ወሰደ፤ ከእነሱ መካከል የኛ አራቱ ነበሩ። ዲኤንኤው ሲመረመር ከሚታወቅ አንድም ዝርያ ጋር አልገጠመም። ያን ዕለት ከታችኛው በር ጀምሮ "ጋሼ! ጋሼ!" እያለ ደረጃውን ሲወጣ ጎረቤቶች በር ከፍተው አዩን። ተቃቅፈን ዘለልን።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ኮሌጁ አካባቢ ክፍል አግኝቶ ወጣ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር፣ ከዚያ በየወሩ፣ ከዚያ በስልክ። "ጽሑፉ እንዴት ሆነ?" ስለው "የሚያማክረኝ ፕሮፌሰር እያየው ነው" ይለኛል። ጊዜ እንደሚወስድ ስለማውቅ አልጨቀጨቅኩትም።

ከአንድ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ኃላፊዋ አንድ መጽሔት ይዛ ምድር ቤት ወረደች። ፊቷ እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበር።

"እየው! ከኛ መሳቢያ የወጣ ነው! አዲስ የተራራ ደን አጋዘን! አንተ ራስህ ያወጣኸው ሣጥን መሆን አለበት።"

ቆሜ አነበብኩ። ሁለት ስም አለ፤ የጓደኛዬና የፕሮፌሰሩ። መጨረሻው ላይ በደቃቅ ፊደል "የክምችቱን ሠራተኞች እናመሰግናለን" ይላል። ምናልባት ራሱ እንደገና ለክቶ ይሆናል ብዬ የልኬቱን ሰንጠረዥ ፈለግኩ። ደብተሩን ከሰጠሁት በኋላ አንድ ስህተት ትዝ ብሎኝ ነበር፤ የሦስተኛውንና የአራተኛውን የራስ ቅል የመንጋጋ ርዝመት አቀያይሬ ጽፌያለሁ። ስንገናኝ እነግረዋለሁ ስል ረሳሁት። ሰንጠረዡ ላይ ሦስተኛው የአራተኛውን፣ አራተኛው የሦስተኛውን ይዞ ቁጭ ብሏል። አንድም ጊዜ አጥንቱን አልለካም። ደብተሬን ነው የገለበጠው።

ለኃላፊዋ "ደስ ይላል" አልኳትና መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ካሌዶኒያን ሮድ አንድ ካፌ ቀጠርኩት። መጣ። አዲስ ካፖርት ለብሷል።

"መጽሔቱን አየሁት" አልኩት።

"ልነግርህ ነበር" አለኝ።

"ልነግርህ" ነው ያለው። ከተማሪነቱ ጀምሮ፣ አንድ ቀን እንኳ አፉን ሳያዳልጠው፣ "እርስዎ" ሲለኝ የኖረ ሰው "አንተ" አለኝ። ሌላውን ነገር ሁሉ ከመናገሩ በፊት በዚያች ቃል ነገሩ ገባኝ።

"ስሜስ?"

"ፕሮፌሰሩ አይቀበልም። ማነው ይላል። ዲግሪ የለህ፣ ተቋም የለህ።"

"ነግረኸው ነበር ወይ?"

ሻዩን አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም።

"የጥገኝነት ኬዝህ ደግሞ ገና ሆም ኦፊስ ነው ያለው" አለ። "ስምህ ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ችግር ይፈጥርብሃል ብዬ ነው። ላንተው አስቤ ነው።"

"የአጋዘን ጥርስ ከኔ ኬዝ ጋር ምን አገናኘው? የሥራ ፈቃድ አለኝ። ጠይቀኸኝ ነበር?"

"አሁን ምን ላድርግልህ? የታተመ ታትሟል።"

"ደብተሬን መልስልኝ።"

"የት እንዳደረግኩት ልፈልገዋ" አለና ሰዓቱን አየ።

ደብተሩ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ሁለት ሳምንት ዝም ብዬ ሠራሁ። እንቅልፍም ምግብም አልሆንልህ ሲለኝ ሦስተኛውንና አራተኛውን የራስ ቅል ካሊፐር ጨምሬ ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩና "ለኪያቸው" አልኳት። ለካች። ሰንጠረዡን አየች። እንደገና ለካች። ከዚያ እኔ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳት፤ እንግሊዝኛዬ እየተደናቀፈ፣ ቅዳሜዎቹን፣ ደብተሩን፣ የገባልኝን ቃል። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና መነጽሯን አወለቀች።

"ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?" አለች።

እሷም እንደ እኔ ያመነችው ሰው ነበራት፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ስትቆጣ አልሰማኋትም፣ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሻይ ስታፈላ ምድር ቤት ድረስ መጥታ አትጠራኝም ነበር።

ሆኖም ለፕሮፌሰሩ ጻፈችልኝ። መልሱ ጨዋ ነበር። ተማሪው ራሱ እንደለካ ነግሮት ስለነበር ሌላ ነገር እንደማያውቅ፣ የተቀያየረው ቁጥር ግን እንደሚታረም ገልጿል። እውነትም ታረመ። በሚቀጥለው እትም በሁለት መስመር "ሦስተኛውና አራተኛው ረድፍ ይቀያየሩ" ተባለ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የኔ መሆኑ የሚታወቅልኝ ነገር ቢኖር ያ ስህተት ብቻ ነበር። እሱንም አረሙት።

በዚህ መካከል ወሬው ሐበሻው ዘንድ ደረሰ። አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ የጓደኛዬን ፎቶ ከትንሿ የራስ ቅል ጋር አወጣ፤ ቆርጠው ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ "ዶክተራችን" እያለ ይጨብጠዋል። እኔ ሰላም እንደማልለው ሲታወቅ ሽማግሎች ተሰበሰቡ። ዋናው ሰው አገር ቤት ዳኛ የነበሩ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው አባት ነበሩ። አዳራሹ ጥግ ወንበር አስጠግተው ሁለታችንን ፊት ለፊት አስቀመጡን።

"ልጄ፣ ያጣላችሁ ምንድን ነው?" አሉኝ።

ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ወተት ጥርስ፣ ስለ መንጋጋ፣ ግልገል ስለተባለው ሽማግሌ። በአማርኛ ስናገረው ነገሩ እጄ ላይ እየቀለለ ሄደ። አንዱ ሽማግሌ ሳቃቸውን ያዙ።

"እንግዲህ በሞተ አጋዘን ራስ ነው የተጣላችሁት?" አሉ ዳኛው።

"አባቴ፣ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ደብተሬን ወሰደ፣ ስሜን አስቀረ።"

ወደ እሱ ዞሩ። "እውነት ነው?"

እሱ አንገቱን ደፍቶ "እሳቸው ብዙ ረድተውኛል፤ አልክድም። ግን ሳይንስ የራሱ ሕግ አለው፣ አባቴ" አለ። በሽማግሌ ፊት "እሳቸው" ሆንኩ።

"ረድተውኛል ካለ ምን ቀረ?" አሉ ዳኛው ወደ እኔ ተመልሰው። "በዚህ ባዕድ አገር ስማችን ለበጎ ሲነሳ ዛሬ የመጀመሪያው ነው። ይህን ልጅ አታሳፍርብን። አንተ ታላቅ ነህ፤ ለታላቅ መተው ያምርበታል። በሉ ተነሡ፣ ተሳሳሙ።"

ተነሣሁ። ተሳሳምን። ሰው አጨበጨበ፣ ሽማግሎቹ መረቁ። ካፌ ውስጥ ከሆነው ይልቅ ይህ ነው ያቆሰለኝ። እሱ አንድ ሰው ነው፤ አንድ ሰው ሊከዳ ይችላል። አዳራሹ ሙሉ ሰው ግን እውነቱን ሰምቶ፣ አገናዝቦ፣ የሚጠቅመውን መረጠ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አስቀደስኩ።

እሱ ዶክትሬቱን ጨርሶ ሌላ ከተማ ተቀጠረ። የኔም ኬዝ ተፈቀደልኝ። ኃላፊዋ ጡረታ ከመውጣቷ በፊት ጠርታኝ የአራቱን አጋዘኖች አዲስ ካርድ ከፊቴ አኖረች። "ለይቶ ያወቀው" የሚለውን ቦታ ባዶ ትታው ነበር። ብዕር ሰጠችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች። ስሜን ጻፍኩ። ካርዱን ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ማንም የማያየው ካርድ ነው፤ ቢሆንም ለእሷ አመሰግናለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት አንድ እሑድ ቀትር ላይ ስልክ ተደወለ። እሱ ነበር። ሰላምታውን አስረዘመው፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤቴ ጠየቀ። ከዚያ አንድ ከሌላ ተራራ የመጣ የራስ ቅል እጁ እንደገባ ነገረኝ። የኋለኛው ጥርስ ወጥቷል፣ ግን የፊተኛው የወተት ይመስላል፤ እንዴት ሊሆን ይችላል?

የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ ማሰብ ጀመርኩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ የመንጋጋ ጥርሶቹን ቅደም ተከተል በልቤ ቆጠርኩ፤ መልሱም መጣልኝ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር። ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

"አለህ?" አለ።

"አለሁ" አልኩት።

"ታዲያ ምን ይመስልሃል?"

"ራስህ ለካው" አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ጃኬቴን ለበስኩና የታጠበ ልብሴን ከላውንድሪው ላወጣ ወረድኩ።