ማሎን ከአፌ ለማስወጣት

አባቴ አሁን ጸ ማለት አይችልም። ከላይ ሁለት የፊት ጥርሶቹ የሉም፤ አየሩ በቀዳዳው ያመልጥበትና «ጸሐፊ» ሊል ሲሞክር ፉጨት ነው የሚወጣው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆችን ጸ አላላችሁም ብሎ ሲገርፍ የኖረ የአማርኛ አስተማሪ ነው። ጥርሶቹ የረገፉት እኔ ፊት ነው፤ ግማሹም በኔ ምክንያት ነው። ይህን የምጽፈው ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሸቤ ከተማ ከተከራየኋት ክፍል ሆኜ ነው። ያዘንኩ መስዬ መታየት አልፈልግም፤ እንዴት እንደሆነ ብቻ ልናገር።

ቤታችን ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ነው። አባቴ ከሸዋ ገጠር በመምህርነት ተመድቦ መጣ፣ መጀመሪያ ሸቤ አስተማረ፣ ከዚያ ወደ ጅማ ተዛወረ። እቤት ውስጥ ሕጉ አንድ ነው፤ ንጹህ አማርኛ። እሱን አንቱ ነው የምንለው። ፊቱ ስሆን አንቱ፣ ዞር ሲል እሱ።

እናቴ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ስለምትውል ያሳደገችኝ ጎረቤታችን ናት። ሀርሜ እላት ነበር፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው። አፌን የፈታሁት እሷ ጓሮ ውስጥ ነው። ዸ የምትባለዋን፣ ድን ወደ ጉሮሮ መልሰሽ የምትውጫትን ድምፅ፣ ከእሷ ነው ያገኘኋት። ማሎንም እንደዚያው። ማሎ እባክህ ማለት ነው፣ ግን እኔ አማርኛ ይመስለኝ ነበር። «ውሃ ስጡኝ ማሎ»፣ «ልውጣ ማሎ»። ጅማ ውስጥ ማን የማይል አለ? ባጃጁም፣ ባለሱቁም፣ የሰንበት ተማሪውም ይላል።

አባቴ ግን የብረት ማስመሪያ ነበረው። በጠፍጣፋው ሳይሆን በጠርዙ፣ ከንፈሬ ላይ። ስድስት ዓመቴ ነበር። አስቸጋሪው ነገር ይሄ ነው፦ ሲመታኝ እለምነዋለሁ፤ የምለምንበት ቃል ደግሞ ማሎ ነው። ስለዚህ ስለ ልመናዬ ሌላ ይጨመርልኛል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ በይ» ይላል። እሱን እስክትዪ ማን ይጠብቅሻል፤ ሕመም እኮ ቃል አይመርጥም። «ማሎ!» እላለሁ። ጧ። «ማሎ አትበይ አላልኩሽም?» ጧ። አንድ ቀን ማስመሪያው አልበቃ ብሎት ምላሴን አስወጥቶ ሚጥሚጣ ነሰነሰበት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ምን አለበት እባክዎ ብትዪው?» ትለኛለች። እሷም ፈርታ ነው፤ ግን ለዚች ዓረፍተ ነገር አሁንም ድረስ ይቅር አላልኳትም።

የሚገርመው፣ አንድ ክረምት እህቱ ከአገር ቤት ልትጠይቀን መጣች። ሳምንቱን ሙሉ «ጠሐይ ወጣች»፣ «ጦም ገባ»፣ «ጠሎት ላድርስ» ስትል ከረመች። አባቴ አንድም ቀን አላረማትም። ተማሪዎቹ ጠሐይ ሲሉ ጣታቸውን አሰልፎ ነበር የሚገርፈው። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ማስመሪያውን ዓይን ዓይኑን አያለሁ፣ ማስመሪያው ከግድግዳው አልወረደም።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ኦሮምኛ መናገር አቆምኩ። ሁሉንም እሰማለሁ፣ ስድቡንም ተረቱንም፤ ለመመለስ አፌን ስከፍት ግን ከንፈሬ ቀድሞ ይኮማተራል። ሀርሜ በኦሮምኛ ታወራኛለች፣ በአማርኛ እመልሳለሁ። አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠሰች፣ «ጆሮሽ አሁንም የኔ ነው፤ አፍሽን ግን ለሱ ሰጠሽው» አለችኝ። ቀና ብላም አላየችኝ።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ዶርም ስገባ ደግሞ ማሎ ገና ከአፌ አልጠፋችም ነበር። ሲቸኩለኝ ታመልጠኛለች። ከአዲስ አበባ የመጣች የክፍል ጓደኛዬ ትስቅብኛለች፤ አፏን አሞጥሙጣ «ማሎ ቻርጀር ስጪኝ፣ ማሎ መብራት አጥፊ» እያለች ልጆቹን ታስቃለች። ሦስተኛው ቀን ላይ የሻይ ኩባያውን ወረወርኩባት። ቅንድቧ ተሰነጠቀ። ደሟ አንሶላው ላይ ሲንጠባጠብ በጣም በረጋ ድምፅ፣ «አፍሽን አርሚ» አልኳት። ያንን ያልኩበትን ድምፅ አውቀዋለሁ። የኔ አልነበረም።

ተመረቅሁ። ስምንት ወር ሥራ ፈለግሁ። የሄድኩበት ሁሉ «ኦሮምኛ ትናገሪያለሽ?» ይሉኛል። «እሰማለሁ» እላለሁ። አንዱ ቢሮ ያለ ሰውዬ፣ «መስማትማ ግድግዳውም ይሰማል፣ እህቴ» ብሎ ወረቀቴን መለሰልኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አሁንም እቤት በጥፊ እመታለሁ። ሥራ ማለት ለኔ ዕድገት ምናምን አልነበረም። ከእጁ የምወጣበት በር ነው።

ከዚያ ሸቤ አንድ ቡና ማጠቢያ ሰው እንደሚፈልግ ሰማሁ። ሥራው ገበሬው የሚያመጣውን እሸት ቡና መረከብ ነው፤ ቀዩን ከአረንጓዴው መለየት፣ ያልበሰለ ሲያመጡ መመለስ፣ መከራከር። ክርክሩ በኦሮምኛ ነው። ለሁለት ሳምንት ሀርሜ ጓሮ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ተለማመድኩ። እሷ ገበሬ ትሆናለች፣ እኔ ተረካቢ። «ልጄን ርቦት ነው የለቀምኩት፣ አረንጓዴ ቢሆን ምን ይልሻል?» ብላ ትጮህብኛለች፣ ከንፈሬ ሲኮማተር ቃሉ እስኪወጣ ትጠብቀኛለች። መጣልኝ። በትንሽ በትንሹ መጣልኝ።

የፈተናው ቀን አባቴ አብሬሽ ካልሄድኩ አለ። «ሸቤን አውቀዋለሁ፣ አስተምሬበታለሁ። ሴት ልጅ ብቻዋን ቡና ማጠቢያ አትሄድም።» እምቢ ብል መቅረቴ ነው። ሄድን።

ኃላፊው ሠላሳ አምስት የሚሆነው ሰው ነው። የጎማ ቦት ጫማ አድርጎ ከትልቁ ሚዛን አጠገብ ቆሟል። አባቴ ከኋላዬ ባዶ ጆንያ ክምር ላይ ተቀመጠ። ሰውየው በኦሮምኛ ጀመረ፤ ገበሬው ከላይ ቀይ፣ ከታች አረንጓዴ አድርጎ ቢያመጣልሽ ምን ትይዋለሽ አለኝ። ጀርባዬ ላይ የአባቴ ዓይን ይሰማኛል። የመጀመሪያው ቃል ከንፈሬ ላይ ተደናቀፈ። ከዚያ ወጣ፣ ሌላውም ተከተለ። ጆንያውን እዘረግፋለሁ፣ ለራሱ አሳየዋለሁ፣ እውነቱን ዓይኑ ይንገረው አልኩ። እውነት፣ ዹጋ፣ ስል ሰውየው ፈገግ አለ።

በአማርኛ፣ «ዸን ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«ጎረቤት።»

«ጥሩ ጎረቤት ነው ያለሽ። ዛሬ ከመጡት ሁሉ...» አለና ቀና ሲል ከኋላዬ አባቴ ላይ ዓይኑ አረፈ። ፈገግታው ጠፋ። «ቲቸር?»

አባቴ ኮቱን አስተካከለ። «አቤት።»

ሰውየው ግራ እጁን አነሳ። ትንሿ ጣቱ ከመሐል ተሰብራ ወደ ውጭ ታጥፋለች። «አራተኛ ክፍል። ጠሐይ ብዬ ነው። አስታወሱኝ?»

«ብዙ ተማሪ አስተምሬያለሁ። አላስታውስህም።»

እዚህ ጋ ዋሽቶም ቢሆን አስታወስኩህ ቢል ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

«እኔ በየቀኑ ነው የማስታውስዎት» አለ ሰውየው። «የሸሚዜን ቁልፍ በቆለፍኩ ቁጥር። አሁን ተራው የኔ ነው። ዸዻ ይበሉ። ቅቤ ማለት ነው፤ ቀላል ነው፣ ሕፃን ይለዋል።»

ቡና የሚያጥቡት ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው ተሰበሰቡ። አባቴ ተነሳ። «ነይ እንሂድ።» ሰውየው የኮቱን ኮሌታ ያዘ። «ዸዻ ብለው ይሂዱ።»

«ዳዳ» አለ አባቴ።

ሳቁ። አንዱ ከኋላ፣ «ዳዳ ነው የሚባለው ለካ፣ እኛ ስንሳሳት ኖረናል» አለ።

«ከጉሮሮ፣ ቲቸር። እንደገና።»

«ዳዳ።»

ሰውየው በዚያችው በተሰበረች ጣቱ የአባቴን ከንፈር መታ መታ አደረገ። «እንደገና።» እኔ የማየው ሥራዬ ሲሄድ ነው። መሐላቸው ገባሁ። «ዺሳ ማሎ» አልኩ ሰውየውን፣ ይተዉት እባክዎ።

ቃሉን ሳልጨርሰው የአባቴ አይበሉባ አፌ ላይ አረፈ። ኮሌታውን የያዘውን ሰውዬ አይደለም የመታው። እኔን ነው። የጋብቻ ቀለበቱ የታች ከንፈሬን ለሁለት ከፈለው።

ሰውየው አባቴን ስቦ በግንባሩ ፊቱን መታው። አባቴ ዞሮ በፊቱ ተደፋ፣ አፉ የሚዛኑ ብረት ላይ አረፈ። ድምፁ የቡና ፍሬ በጥርስ ስትሰብሪ ያለው ዓይነት ነው፣ ደረቅ። መሬት ላይ እያለ በቦት ጫማው ጎኑን ረገጠው። ደገመው። ሠለሰው። እኔ ቆሜያለሁ፣ ደሜን እየዋጥኩ። ለምን እንደቆምኩ ስጠየቅ ደንግጬ ነው እላለሁ። አልደነገጥኩም። እያየሁ ነበር። ሦስተኛው ላይ የአባቴ ትንፋሽ እንደ ሕፃን ሲሆን ነው የጮህኩት፤ «አባ ኮቲ!» አባቴ ነው። ሠራተኞቹ ጎትተው አላቀቁት።

ጤና ጣቢያ አባቴ አፍ ውስጥ ጥጥ ሞሉበት፣ የኔን ከንፈር ሁለት ቦታ ሰፉት። ከዚያ ሦስታችንንም ፖሊስ ጋ ወሰዱን። ቃል የሚጻፈው በኦሮምኛ ነው። አባቴ አልችልም ብሎ እጁን አወዛወዘ፣ ወረቀት ጠየቀ፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ጻፈ፦ «ያለ አንዳች ምክንያት ደበደበኝ። ልጄ ምስክሬ ናት።» ፖሊሱ ወረቀቱን ለኔ ገፋ አደረገው፤ ተርጉሚ። ተረጎምኩ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ።

«ያንቺን ከንፈርስ?» አለኝ ፖሊሱ። «እሱ ነው?»

ሰውየው ግድግዳ ተደግፎ ቀና አለ። አባቴ አየኝ። በኦሮምኛ መለስኩ፤ አይደለም፣ አባቴ ነው የመታኝ፣ መጀመሪያ እጁን ያነሳውም እሱ ነው አልኩ።

አባቴ ጥጡን ከአፉ አወጣ። «ኒ ሶብዲ» አለ። ትዋሻለች።

ከዚያም በኦሮምኛ ቀጠለ። እየደማ፣ ሳይቸኩል፣ ልክ እንደ ሸቤ ገበሬ። ሁለታችንንም የመታን ይሄ ሰው ነው፣ ልጄ ግን ሥራ ስለምትፈልግ ለሱ ታደላለች አለ። ዸ ያለበት ቦታ ሁሉ ዸዋን ከጉሮሮው አስቀመጣት። ዸ የፊት ጥርስ አትፈልግም። ሰውየው አፉን ከፍቶ ቀረ። አባቴ ዸዻ ማለት ይችል ነበር እኮ። አንዴ ቢላት ኖሮ እቤታችን ሙሉ ጥርሱን ይዞ ይገባ ነበር።

ፖሊሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አስተርጓሚ አያስፈልግዎትማ፣ አባቴ» አለው። የሁላችንንም ቃል ጻፈ፣ አስፈረመን፣ ሽማግሌ ይየው ብሎ ለሐሙስ ቀጠረን። ሰውየውን በዋስ ለቀቀው።

ወደ ጅማ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ግማሽ መንገድ ሄድን። ከዚያ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የምትችለው?» አልኩት። አንተ ስለው በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። እጁ ጉልበቱ ላይ ተንቀሳቀሰች፣ ግን አልተነሳችም።

«እዚሁ ሸቤ» አለ፣ በጥጡ ውስጥ። «ገበሬ ቤት ነበር የተከራየሁት። ስድስት ወር አልፈጀብኝም።»

«ታዲያ ለምንድነው እኛን...»

«እኔ የተቀጠርኩት ለአማርኛ ነው። የማውቀውን ኦሮምኛ ባወጣ ማን ይፈራኛል?» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሐሙስ ቃልሽን ትቀይሪያለሽ።»

«አልቀይርም።»

«እቤቴ አትገቢማ።»

ይሄን ሲል ንዴት አልነበረበትም። የትምህርት ቤት ሕግ ያነበበ ያህል ነው የተናገረው። መሐል መንገድ ያለችው ሰቃ ስንደርስ ወራጅ አለ አልኩ። ረዳቱ ከንፈሬን አየ፣ አባቴን አየ፣ «አባትሽ አይደሉም እንዴ?» አለኝ። ናቸው አልኩና ወረድኩ። አባቴ ወደ መስኮቱ አልዞረም።

ሸቤ የሚመለስ መኪና እስካገኝ ብዙ ቆምኩ። ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ገበሬዎች ከጆንያቸው ጋር ተሰልፈዋል። ሰውየው ሚዛኑን በውሃ እያጠበ ነበር። ሲያየኝ ቱቦውን ጣለ። እንደምጠላው ያውቃል፤ ፊቴ ላይ ይታያል። እንደሚያፍር እኔም አውቃለሁ።

«የእሱን ልጅ...» አለና አልጨረሰውም።

«ፈተናው አላለቀም» አልኩት በኦሮምኛ። «አቋርጠኸዋል።»

የሰፉኝን ክር አየው። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞር ብሎ የመጀመሪያውን ሽማግሌ በእጁ ጠራ። ሽማግሌው ጆንያቸውን ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጡ። ከላይ ያለው ቀይ ነው፣ ያብረቀርቃል። ጎንበስ ብዬ የጆንያውን ሁለት ጆሮ ያዝኩና እመሬት ላይ ዘረገፍኩት፤ ከሥር አረንጓዴው ወጣ። ሽማግሌው መጮህ ጀመሩ። ከንፈሬ እየደማ መከራከር ጀመርኩ።