ረካሽ ወይስ ርካሽ

ዛሬ ጠዋት አሶሳ ጥርስ ክሊኒክ ገብቼ ገና ሳልቀመጥ የቅርንፉድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሽታው ባምባሲ ወሰደኝ፤ የትምህርት ቤታችን ማንጎ ዛፍ ጥላ ስር።

የዴስክ ጓደኛዬ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነበረች፤ ከሆሞሻ መጥታ አክስቷ ቤት ሆና ነበር የምትማረው። እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ የወሎ ሰዎች ናቸው። የሚያመሳስለን ነገር ቢኖር ጥርሳችን ነበር። የእኔ መንጋጋ፣ የእሷ የፊት ጥርስ መበላት ጀምሮ ነበር። ማንጎ ስንበላ ክሩ እዚያች ቀዳዳ ውስጥ ይሰካና በቀርከሃ ስንጥር ስንጎረጉር እንውላለን። እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነበር። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትከድናለች። ሳቋን ሰምቼዋለሁ፣ አይቼው ግን አላውቅም። ምን ዓይነት ሳቅ ይሆን እያልኩ እጓጓ ነበር።

አንድ ቀን የጥርስ ሐኪም መጣ። ማንጎው ስር ወንበር አስቀምጦ፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ በሚሸት እጁ ትንሽዬ መስታወት ይዞ አፋችንን አየ። «ገና ጅምር ነው፣ አይነቀልም» አለን። ምርጫም ሰጠን፦ ወይ አሶሳ ሄዶ ተቦርቡሮ በነጭ ማስሞላት፣ ወይ እዚሁ መበስበሱን የሚያቆም ጠብታ መቀባት። «ጠብታው አያምም፤ ግን የተበላውን ቦታ ያጠቁረዋል። እንደጠቆረ ይቀራል።»

እኔ ነጩን አልኩ። እሷ ጠብታውን።

«አብደሻል? ሰው የፊት ጥርሱን ያጠቁራል?»

«እናትሽ ድዱን በመርፌ አጥቁሮ የለ? ለቁንጅና ነው ትላላችሁ። እኔ ጥርስ ሲሆን ምነው?»

አማርኛዋ አንዳንዴ ሴቱን ወንድ ያደርጋል፤ ነገሯ ግን ቦታውን አይስትም። እሷ እዚያው ተቀባች፤ እኔ አሶሳ ሄጄ በነጭ አስሞላሁ። ጠብታው ምን ምን ይላል ብዬ ስነዘንዛት፣ «ምስማር ልሰሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ቤት ስገባ ምስማር ፈልጌ ላስኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ሐኪሙ ተመልሶ መጣ። ጥቁሯን ነጥብ በመሣሪያው ነካ ነካ አደረገና «ጠንክሯል፣ ቆሟል» አለ። ቀጥሎ «በሕክምናው ረካሽ?» ብሎ ጠየቃት። ረክተሻል ወይ ማለቱ ነው። እሷ ርካሽ ያለ መሰላት። ፊቷ ተለወጠ።

«ርካሽ አይደለም! ውድ ነው!»

«በነፃ አይደል እንዴ የሠራሁልሽ?»

«በነፃ ነው። ግን ውድ ነው!»

ሐኪሙ ነገሩ ሲገባው ከት ብሎ ሳቀ። ሲያስረዳት እሷም ሳቀች፣ መዳፏ ጭኗ ላይ እንደተቀመጠ። አየሁት በቃ። ድዷ ድረስ የሚከፈት ሳቅ፣ ጥቁሯ ነጥብ መሃል ላይ።

እኔን ሲጠይቀኝ ምላሴ ወደ መንጋጋዬ ሄደ። ነጩን ሙሌት ማንም አያየውም፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ በምላሴ ስነካካው እውላለሁ። እሷ የሚታየውን ረስታዋለች። ይሄ ነገር እስካሁን ይገርመኛል።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ሆነ። «ረካሽ?» ስላት «ውድ ነው!» ትለኛለች። አሥረኛ ክፍል እንደጨረስን ቤተሰቧ ይዘዋት ወደ ድንበሩ ሄዱ። ስልኳን እሞክራለሁ፤ አይሠራም።

ዛሬ የመጣሁት ያ ሙሌት ወልቆብኝ ነው። ሐኪሟ እኩያዬ ነገር ናት። ሠርታ ስትጨርስ ጓንቷን እያወለቀች «በሕክምናው ረካሽ፣ እህቴ?» አለችኝ።

«ውድ ነው!» አልኳት በደነዘዘ ከንፈሬ።

«ውይ! ዋጋውን ገና መቼ ነገርኩሽ?»

ሳቄ መጣ። ከንፈሬ ተጣሞ ስለነበር እጄን ወደ አፌ አነሳሁ። ሳይደርስ መልሼ አወረድኩት።