ዊልፍ ሄፕል የመረጠው ቡችላ

ዊልፍ ሄፕል ውሻ አዋቂ ነበር። በከሰል ቆፋሪዎቹ የደርሃም መንደሮች ይህን የሚክድ ሰው አልነበረም፤ ዊልፍ ራሱም ማንም እንዳይክደው ነቅቶ ይጠብቅ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ከመሬት በታች ከሰል ሲቆፍር ኖረ። ማዕድኑ ሲዘጋ የተረፈው የሚያመው ጉልበት፣ ከቤቱ ኋላ ያለች የቆርቆሮ ጎጆና ይህ ስሙ ብቻ ነው።

ትምህርቱ አጭር ነበር። የጉድጓድ ጥንቸል ጥቂት ሮጣ ቀዳዳዋ ትገባለች፤ ለእሷ አነሳሱ ፈጣን የሆነ ውሻ ይበቃል። የሜዳዋ ጥንቸል ግን ጉድጓድ የላትም፤ ቤቷ እግሯ ነው። ሜዳውን ሙሉ እየታጠፈች ውሻውን ታደክማለች። ሁለት ውሻ የመቀለብ አቅም የሌለው ሰው፣ ለሁለቱም የሚሆነውን አንድ ድቅል፣ የአገሩ ሰዎች ላርቸር የሚሉትን፣ የእሽቅድምድም ውሻን ከበግ ጠባቂ ጋር አዳቅሎ ያወጣል።

"ሦስት እጅ እግር፣ አንድ እጅ ጭንቅላት" ይል ነበር ዊልፍ። "ግማሽ በግማሽ ካደረግኸው እሱ ሲያስብ ጥንቸሏ ትሄዳለች። ንጹሕ የእሽቅድምድም ዘር ከሆነ ደግሞ አጥር ላይ አንገቱን ይሰብራል።"

የዚህ ትምህርት አንዱ ግማሽ ሞስ የሚባለው፣ ግማሽ በግማሽ የተዳቀለው የራሱ ወንድ ውሻ ነበር። ሌላው ግማሽ ግን ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ የሴፕ ራውትሌጅ ግቢ ውስጥ ገባ። ሴፕ ከውድድር የተገለለች ፔግ የምትባል ንጹሕ የእሽቅድምድም ውሻ አገኘ። አገኘ ነው የሚባለው፤ ሴፕ ነገር ፈልጎ አያውቅም፣ ነገር ራሱ ይመጣለታል። በመስከረሙ የአትክልት ውድድር እንኳ የሴፕ ባሮ ሽንኩርት ሦስት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ሲወጣ፣ ዊልፍ ሌሊት እየተነሳ የሸፈነው የራሱ ባሮ ሽንኩርት ሦስተኛ ነው የወጣው።

ከመንደሩ እስከ ባሕሩ ያለው መሬት የአንድ ሰው ነው። ያ ሰው የዊልፍን ስም አያውቅም፤ "ማለፍ ክልክል ነው" የሚለውን ሰሌዳ ግን በየአጥሩ አስቸንክሯል። በእሱ ቀንቶ ዊልፍ አንድ ቀን እንቅልፍ አጥቶ አያውቅም። እንቅልፍ የነሳው ማዕድኑ ውስጥ አብሮት በጭቃ የተንበረከከው የሴፕ ባሮ ሽንኩርት ነው። ድሃ ቅናቱን የሚያባክነው እንዲህ ነው፤ ከራሱ አጥር አልፎ አይሄድም።

ሴፕ መጥቶ ሞስን ከፔግ ጋር ለማዳቀል ጠየቀ። ልማዱ የታወቀ ስለሆነ ስለ ዋጋ አልተነጋገሩም፤ ወንዱን ያመጣ ሰው ከተወለዱት ቡችሎች አንዱን ቀድሞ ይመርጣል። ሰባት ተወለዱ። ሰባት ሳምንት ሲሞላቸው ዊልፍ ኮፍያውን አድርጎ፣ በኪሱ የጥንቸል ቆዳ ይዞ ቡችሎቹ ወዳሉበት የሴፕ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባ።

በመጀመሪያ የድስት ክዳን ከኋላቸው ጣለ። ሁሉም ተበተኑ። አንዲት ጸጉሯ የተንጨባረረ ግራጫ ሴት ቡችላ ብቻ ተመልሳ ክዳኑን አሸተተች። ከዚያ ቆዳውን በገመድ ጎተተ። ግራጫዋ ነጥቃ ያዘችው፤ ይዛ አልሸሸችም፣ አምጥታ ጫማው ላይ አስቀመጠችው።  የዕድሜ ልክ ትምህርቱ ሁሉ እሷ ናት አለው።

ቀና ሲል ግን ሴፕን አየው። ሴፕ ግራጫዋን አያይም፤ ጥጉ ላይ የቆመውን ረጅም ዝንጉርጉር ወንድ ቡችላ ነው ዓይኑን ሳይነቅል የሚያየው። ዊልፍ፣ ሴፕ ለራሱ የተመኘው እሱን ነው ብሎ ገመተ።

"ይሄኛው" አለ ዊልፍ፣ ዝንጉርጉሩን ብድግ አድርጎ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ምነው፣ ቆጨህ?"

"ኧረ ምርጫው ያንተ ነው፣ ጓዴ። ግን ያቺኛዋ ቆዳውን አምጥታ እግርህ ላይ..."

"ውሻ ልታስተምረኝ ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?" አለ ሴፕ። "እኔ የማውቀው ባሮ ሽንኩርት ነው።"

የዊልፍ ሚስት አይቪ ቡችላውን ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ያምራል። መልክ አይቶ ውሻ የሚመርጥ ሞኝ ነው ስትል የኖርከው ግን አንተ አልነበርክም?"

"ዝም በይ እስኪ" አላት። ቡችላውን ዱክ አለው።

ሴፕ ግራጫዋን ለራሱ አስቀርቶ ኔትል አላት። ሰባት ወር ሲሆናት፣ ኔትል ከአጥር ሥር አንዲት የጉድጓድ ጥንቸል ይዛ ለሴፕ አመጣችለት። ወሬው መጠጥ ቤት ሲደርስ ዊልፍ ብርጭቆውን ሳይጨርስ ወጣ። ውሻ ዓመት ሳይሞላው የሜዳ ጥንቸል ላይ አይለቀቅም፤ ይህን ሕግ ለመንደሩ ሁሉ ያስተማረው ራሱ ዊልፍ ነው። በማግስቱ ጠዋት ዱክን ወስዶ የሜዳ ጥንቸል ላይ ለቀቀው። ገና አጥንቱ ያልጠና ውሻ ነው። ሊደርስባት አልቻለም፤ ተናደደና እየሮጠ ጮኸ። ዊልፍ ጩኸቱን ሰምቶ ማቆም ነበረበት። አላቆመም። በሳምንት ውስጥ ሦስቴ ለቀቀው፤ ሦስቴ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ዱክ ሳይጮህ ሮጦ አያውቅም።

እየሮጠ የሚጮህ አዳኝ ውሻ ደግሞ ለአደን ሰው ውርደት ነው። ትንፋሹን በጩኸት ይጨርሳል፣ ሜዳውን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ጥፋቱ የውሻው አልነበረም፤ የዊልፍ ቅናት ነው በውሻው አፍ የወጣው።

"የዊልፍ ውሻ ጨዋ ነው" አለ አንዱ መጠጥ ቤት ውስጥ። "ለጥንቸሏ እየመጣሁ ነው ብሎ ቀድሞ ይነግራታል።"

ዊልፍም ሳቀ። ካልሳቀ ይበልጥ ይሳቅበታል።

ቡችሎቹ በተወለዱ በሁለተኛው የብርድ ወራት የከሰሉ አቧራ የሴፕን ሳንባ ያዘው። አሥር እርምጃ ሄዶ ያርፋል። አንድ ጠዋት የዊልፍን በር አንኳኳ።

"መሬቱን የተከራየው ገበሬ የታጨደው ማሳ ላይ እንድናድን ፈቅዷል። እኔ የማሳው በር ላይ እቀመጣለሁ፤ ኔትልን አንተ ልቀቅልኝ።"

"ሌላ ሰው የለም?"

"ሰውማ አለ። ውሻ የሚያውቅ የለም።"

ዊልፍ ገመዷን ተቀበለ። ማሳው መሐል ሲደርስ የሜዳ ጥንቸል ከእግሩ ሥር ተነሳች። የሚገባትን ርቀት እስክትቀድም ጠብቆ ኔትልን ለቀቀ። ኔትል ድምፅ አላሰማችም። ጥንቸሏ ስትታጠፍ ኔትል አብራ ታጠፈች፤ አራተኛው መታጠፊያ ላይ ግን አልተከተለችም፣ ማምለጫዋን አስባ አቋርጣ ቀደመቻት። ሦስት እጅ እግር፣ አንድ እጅ ጭንቅላት። ዊልፍ ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራለት የኖረው ውሻ ከፊቱ ይሮጥ ነበር፣ እና የሌላ ሰው ነበር።

ጥንቸሏን በአፏ ይዛ፣ ራሷን ቀና አድርጋ ተመለሰች። ዊልፍ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ። "ነይ፣ የኔ ልጅ" አላት፤ እንዲህ ያለ ድምፅ አይቪ እንኳ ሰምታው አታውቅም። ኔትል በአጠገቡ አለፈች። ማሳውን አቋርጣ በሩ ጋ ሄደችና ጥንቸሏን የሴፕ ጫማ ላይ አስቀመጠቻት።

ዊልፍ ቀስ ብሎ ደረሰ።

"ያን ዕለት" አለ፣ "ለምን ነበር ዝንጉርጉሩን እንደዚያ የምታየው?"

ሴፕ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቀ። "ዓይኑ ሸውራራ መስሎኝ። ልነግርህ አስቤ፣ ዊልፍ ሳያይ አይቀርም ብዬ ተውኩት።" ጥንቸሏን አንስቶ ሰጠው። "ለአይቪ ውሰድላት።"

"ሳይቦጭቅ የሚይዘው አፏ የሞስ ነው" አለ ዊልፍ። "ከአባቷ ነው የወሰደችው።"

"ነው እንጂ።"

"ያንን ለሰውም ንገር።"

"እነግራለሁ። ሐሙስስ ትመጣለህ?"

እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። "ስንት ሰዓት?" አለ።

"በሦስት።" ሴፕ ተነስቶ እጁን ዘረጋ። "ገመዱን።"

ዊልፍ አልሰማም። ኔትል ያለ ገመድ የሴፕን ጉልበት ተጠግታ መንገድ ጀምራ ነበር፤ እሱ ባዶውን ገመድ መዳፉ ላይ ጠምጥሞ ከኋላ ያያታል።

"ገመዱን፣ ጓዴ" አለ ሴፕ ደግሞ።