የቨርጂል መቃብር ሣር

«ወንዙን ስንሻገር፣ ያዝ እጄን ወንድሜ…»

ዴልመር ስታምፐር የመቃብሩን ዳገት ሲወጣ ይህችን ስንኝ ያንጎራጉራል። ቀጣይዋ ጠፍታበታለች። ታናሽ ወንድሙ ቨርጂል ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሥራ ሲመለስ የሚያዜማት ነበረች።

በኬንታኪ ሸለቆዎች በበቅሎ ቤት ለቤት ያዞረውም ቨርጂል ነው፤ «ወንድሜን ምረጡ፣ ካልሠራ እኔን ግረፉኝ!» እያለ። ዴልመር ለግዛቱ ምክር ቤት ተመረጠ፤ ለሸለቆው መንገድ አስወጣ። ቀጥሎ ኮንግረስ ገባና ዋሽንግተን ከረመ። በኋላም አምባሳደር ሆኖ ባሕር ተሻገረ። የቨርጂል ሳንባ የከሰሉን አቧራ መሸከም ያቃተው ዕለት ዴልመር ከአንድ ንጉሥ ግብር ላይ ነበር። ቴሌግራሙ ደረሰው፤ እሱ ግን ለቀብሩ አልደረሰም።

ከዚያ ወዲህ ታላቅ እህቱ ኦርፋ አንድ ቃል አልተነፈሰችለትም። ዛሬ ሹመቱን ጨርሶ የመጣው ከገበታዋ ዳር ቦታ እንዳለው ሊያይ ነው።

በየዓመቱ በዚህ የግንቦት እሑድ ዘመድ አዝማዱ መቃብሩን አርሞ፣ አበባ አኑሮ፣ እዚያው ዛፍ ሥር ይበላል። ዴልመርን ግን የለመደ እግሩ ወደ ሰዉ ወሰደው። እጅ ጨበጠ፣ ሕፃን ሳመ፣ ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«አንተ ዴልመር!» አለች ኦርፋ ከሩቅ። «ደግሞ ለምኑ ነው የምትወዳደረው? እዚህ የተኙት አይመርጡም እኮ!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

«ሰላም ልበላቸው ብዬ ነው፣ እህት ዓለም።»

«የራስህን ሙት ሳትጎበኝ? ይሄን ደግሞ ንጉሡ ነው ያስተማረህ?»

ፊቱ ጋለ። እዚህ አገር የሙቱን ሣር ሳይነቅል እጁን ለሰላምታ የሚዘረጋ የለም። ኮቱን አውልቆ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለና ቨርጂል ራስጌ ተንበረከከ። የእናት የአባቱ መቃብር ጸድቷል። የቨርጂል ብቻ ሣር ውጦታል።

«ይሄን ለምን ተውሽው?»

«ያንተ ድርሻ ነዋ። በየዓመቱ እተውልሃለሁ። አንተ ስትቀር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እኔው አርመዋለሁ።»

ዴልመር ሣሩን ነቀለ፣ ነቀለ። እንባው አፈሩ ላይ ሲንጠባጠብ ያችኑ ስንኝ ጀመረ፤ እዚያው ቦታ ላይ ተቋረጠችበት። ኦርፋ ዶሮውን ሳህን ላይ እያወጣች፣ ዞር ሳትል ተቀበለችው፦

«ብትዘገይም እንኳ፣ አለሁ ማዶ ቆሜ።»

ከዚያ የተነጠፈው ብርድ ልብስ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች።

«ና፣ የበቆሎ ዳቦው ሳይበርድ።»

«እጄ አፈር ነው።»

«አይቼዋለሁ። ተቀመጥ።»

ተቀመጠና ቆረሰ።