ቀይ ክር የታሰረበት ቅርንጫፍ

የደጋን ሠሪው እጅ ወርቅ ነበር፤ ቅርንጫፍ መምረጥ ላይ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ዓይን የለውም። መራጯ ሚስቱ ነበረች። ጫካ ትገባና ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለበት ለጋ ቅርንጫፍ ስታይ ቀይ የሱፍ ክር ታስርበታለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ደርሶ የእጅ አንጓ ሲያክል እሷ ትጠቁማለች፣ እሱ ይቆርጣል። ደንበኛው ግን የሚያመሰግነው እሱን ነው፤ እሱም፣ አያፍርም፣ ምስጋናውን ይቀበላል።

እሷ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል። ራሱ መርጦ የቆረጣቸው ሁሉ ጅማት ሲታሰርባቸው እየተሰነጠቁ አለቁ። ድሮ እንጨት ጧ ሲል ከጓዳ «ደግሞ ምን ሰበርክ?» የምትል ነበረችው። አሁን ጧ ይላል፣ ከዚያ ጭር። ይሄ ጭርታ ነው አንጀቱን የሚበላው።

ሌላ ከተማ ያለችው ልጁ በየሳምንቱ እየደወለች፣ አንድ እንጨት አይነድም፣ ና ከእኛ ጋር ኑር ትለዋለች። በመጨረሻ ቃል ገባላት፤ እናትሽ ያሰረችበት አንድ ቅርንጫፍ ቀርቷል፣ እሱም ካልሆነ ቤቱን ዘግቼ እመጣለሁ አላት።

በማግስቱ መጋዙን ይዞ ጫካ ወረደ። ቅርንጫፉን አገኘው። ቀጥ ብሎ አድጓል፣ አንድ ጉጥ የለበትም። ክሩ ግን ባበጠ ጣት ላይ እንደ ቀረ ቀለበት ቅርፊቱን በልቶ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። ከእንዲህ ያለ እንጨት የተሠራ ደጋን ሲለጠጥ እዚያችው ላይ ለሁለት ይሰበራል።

ያን ጊዜ ገባው። በየዓመቱ «ክሬን አይቼ ልምጣ» ብላ ብቻዋን ትወጣ ነበር። እሱ ደግሞ ሞኙ፣ ክር ልትቆጥሪ ነው እያለ ይስቅባታል። ለካስ ቅርንጫፉ በወፈረ ቁጥር ክሩን እያላላች ኖሯል! አርባ ዓመት አብሯት ሲኖር አንድ ቀን እንኳ ለምን እንደምትሄድ አልጠየቃትም። ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሲወጣለት በቢላዋው ጫፍ ክሩን ፈልፍሎ አወጣው። አውራ ጣት የሚያክል ሌላ ቅርንጫፍ ፈልጎ፣ ሁለት ጣት እስኪያስገባ አላልቶ አሰረበት። ደህና መምረጡን እንጃ።

ማታ ልጁ ደወለች። ቅርንጫፉ መበላሸቱን አልደበቃትም።

«በቃ፣ ቅዳሜ መጥቼ ልውሰድህ?»

«ሌላ አስሬያለሁ።»

«አባዬ፣ እሱ እኮ ገና ሦስት ዓመት ይፈልጋል! ሲደርስ መጥተህ ትቆርጠዋለህ።»

«በየዓመቱ ክሩን ማን ያላላዋል?» አላት።

ልጁም ደህና እደር ብላው ስልኩን ዘጋች። እሱም ብቻውን እራቱን ሊያሞቅ ተነሣ።